በቃልህ ያነበብኸው ሰሌዳ

ይድረስ ለባሌ፣ ለቄስ ምስጋናው።

ከተለየኸኝ ሰባተኛው መስቀል አለፈ። እንደ ደብዳቤ ወግ ለጤናህ እንደምን አለህ ልልህ ነበር፤ ተውሁት። ካንተ በኩል መልስ አይመጣም። እኔ አለሁ። ሰው ሳያናግሩ ውሎ ማደር መኖር ከሆነ፣ አለሁ።

ይህን የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው። የአገሩ ልጅ ሁሉ ደጃችን ላይ ተኮልኩሎ ሀሁ ሲቆጥር እኔ እንስራ አዝዬ በመካከሉ አልፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ነይ፣ አንችም ተቀመጭ" አላልኸኝም። የቄስ ሚስት ነኝ፤ ዳዊት ስትደግም ከጎንህ ተቀምጬ መጽሐፉን የማውቀው በቆዳው ሽታ ነበር። አንተ ከሄድህ በኋላ ትምህርት ቤቱ ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ማስተማር ጀመረ። እኔም ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥሁ። መምህሩ "እማማ ዝማም፣ ምነው ዘገዩ?" ሲለኝ "ባሌ አስተማሪ ስለነበረ ነው" አልሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ለቀልድ አላልሁትም።

"አንተ" ማለቴም ሳይገርምህ አይቀርም። በሕይወት ሳለህ ጓዳ ውስጥ እንኳ "አንቱ" ነበርህ። ክህነትህን ከነልብሰ ተክህኖህ ቀብረነዋል። እኔ አሁን የምጽፈው ለባሌ ነው፤ ለባሌ ደግሞ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ለምለም ኒሯቅ አግብታ ሄደች። ባሏ ፍየል የሚያረባ ደህና ሰው ነው። ሁለት ወልዳለች፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣችው። አልፈርድባትም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ቀዩ በሬ በድርቁ ጊዜ ወደቀ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቻለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ለበሰ፤ አሁን ዝናብ ሲመጣ ቅዳሴው አይሰማም፣ ሁላችንም ጣራ ጣራውን እያየን እንቆማለን። ከወንዙ በላይ ደግሞ የእጅ ፓምፕ ተተከለ። የዓይን ሐኪሞቹ መጥተው "በየቀኑ ፊታችሁን ታጠቡ" ሲሉን ጎረቤታችን አያ ደስታ "እሽ፣ ውኃውንስ አብራችሁ አመጣችሁት?" ያላቸው ትዝ ይልሃል? ይኸው ውኃው መጣ። አያ ደስታ ግን አላየውም፤ ባንተ ማግስት ክረምት እሱም ሄደ። የሚያስቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። አሁን ቤት ውስጥ ድምፄን የምሰማው ዶሮዎቹን ስቆጣ ነው።

ወረንጦዬ አሁንም ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ናት። ለምለም "እማ፣ ምን ያደርግልሻል፣ አውልቂው እንጅ" ትለኛለች። እሷ ምን ታውቃለች። የዓይንህ ሽፋን ወደ ውስጥ እየተቀለበሰ ጠጉሩ ብሌንህን ሲወጋህ፣ ዓርብ ዓርብ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንቀመጥ ነበር። ራስህን ጭኔ ላይ ታሳርፋለህ፣ እኔ ጠጉሩን አንድ በአንድ እነቅላለሁ፣ አንተ በግዕዝ ታነበንባለህ። ለሰንበት ቅዳሴ ዓይንህ እንዲጠራ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ የሚስመው መስቀልህን ነው፤ ራስህን ያሳረፍኸው ግን የእኔ ጭን ላይ ነው። ዓይንህ ስላመመህ እንጅ ስለወደድኸኝ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

ያወቅሁብህም እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ጠጉር ስፈልግ ቀና ብለህ አየኸኝና "ዝማም፣ ፊትሽን ሸፈንሽው እንዴ?" አልኸኝ። አልሸፈንሁም ነበር። "ነጠላሽ አለ፣ ጉትቻሽ አለ፣ ፊትሽ የለም" ብለህ ሳቅህ። እንባው ነው አልኸኝ። በሚቀጥለው ዓርብም ፊቴ አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ነገሩ ገባኝ፤ የምታየውን ነገር ዳር ዳሩን ታያለህ፣ መካከሉ ግን ጥላ ነው። ስለዚህ ያለ በትር ትሄዳለህ፣ ድንጋይ አያደናቅፍህም፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ጥላ ታያለህ። የሰው ፊትና የመጽሐፍ ፊደል ግን ጠፍተውብህ ነበር። ቅዳሴውን በቃልህ ታውቀዋለህ፤ መጽሐፉ ፊትህ ተዘርግቶ ገጹ ሲገለጥ ማንም አልጠረጠረህም።

ለማንም እንዳልናገር አስማልኸኝ። ዓይኑ የጠፋ ካህን ቆሞ ያስቀድሳል እንጅ ገብቶ አይቀድስም አልህ። "ሁሉም ይቅርብኝ፣ መቅደሱ ብቻ አይቅርብኝ" አልኸኝ። ከሁሉም ውስጥ እኔም እንዳለሁበት ያኔ አላሰብሁትም። አሁን ጊዜ ስላለኝ አስበዋለሁ።

ሐኪሞቹ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ እህሉም ከአውድማ ገብቷል። መኪናቸው ከሰቆጣ ተነሥቶ እስከ ገደሉ አፍ ደረሰ፣ ከዚያ ወዲያ ዕቃቸው በአህያ ተጫነ። ለጥናት ነው የመጣነው አሉ። የዓይን ማዝ ማንን እንደያዘ፣ ከሽፋኑ አልፎ ደግሞ ከዓይን ጀርባ ያለው መጋረጃ ምን እንደነካው ማወቅ እንፈልጋለን አሉ። ወረቀት አነበቡልን፣ የማይፈልግ መቅረት ይችላል አሉን፣ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ተጫንሁ። አንተ ፈረምህ። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገህ ዘንበል ብለህ ስትፈርም አየሁህ።

ሥራቸው ከዋርካው ሥር ነበር። መጀመሪያ ሽፋኑን ገልብጠው ያያሉ። ቀጥሎ ሰሌዳ ያስነብባሉ። ሰሌዳው ያቃተው ሰው ወደ ድንኳኑ ይገባል፤ እዚያ ጠብታ አድርገውለት፣ ብሌኑ ሲሰፋ በብርሃን የዓይኑን ጀርባ ያዩለታል። ሰሌዳውን ያነበበ ግን ደህና ተብሎ ወደ ቤቱ ነው። ሰሌዳው እንደኔ ላለ መሃይም የተሠራ ነው፤ ፊደል የለበትም። ሦስት ጥርስ ያለው መንሽ የመሰለ ምልክት ነው ያለበት፣ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ። የመንሹ ጥርስ ወዴት እንደዞረ መናገር ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ።

በሰሌዳው አጠገብ የቆመችው ነርስ ከሌላ አገር የመጣች ሲስተር ነበረች። የአገራችንን ቋንቋ፣ ኽምጣንጋን፣ አታውቅም፤ ከቆላ የመጡት ደግሞ አማርኛ እምብዛም ናቸው። "አባታችን ያስተርጉሙልን" አሉህ። ከጧት ጀምረህ ከጎኗ ቆምህ። እያንዳንዱ ሰው ቆሞ በኽምጣንጋ ሲናገር አንተ በአማርኛ ታቀብላታለህ። ልክ ሲሆን ወረቀቷ ላይ እርሳሷን ታስነካለች፣ ሲሳሳት ዝም ትላለች። አንተ ደግሞ በልጅነትህ ከመምህርህ አፍ አንድ ጊዜ የሰማኸውን ማታ የምትመልስ ሰው ነበርህ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች ሆድህ ገብቷል።

ተራህ ሲደርስ ከሕዝቡ ፊት ለፊት ቆምህ። እኔ ከጎንህ ነበርሁ። ክርኔን ያዝኸኝ። ሰው ሲያየው ባል ሚስቱን የያዘ ይመስላል፤ እኔ ግን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። አፍሽን ዝጊ ማለትህ ነበር። ከዚያ ጀመርህ። ሲስተር በመጠቆሚያ እንጨቷ ሰሌዳውን ስትነካ የእንጨቷን ድምፅ ትከተላለህ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ታች እያልህ እንደ መዝሙር አወረድኸው። ያኛውን ዓይንህን ስትሸፍን ደግሞ ሳትሳሳት ደገምኸው። ቀስ ብለህ ብትሳሳት፣ አንድ መስመር ብትተው ምን ነበረበት? አንተ ግን ስህተት በቃል ትምህርት ነውር ነው ብለህ ያደግህ ነህ። ወጣቶቹ ያቃታቸውን የመጨረሻውን ረቂቅ መስመር ሳይቀር ጨረስኸው።

ሲስተር "የእኒህ አባት ዓይን የጎረምሳ ነው" አለች። አያ ደስታ ከሰልፉ ውስጥ ሆኖ "ቄሳችን ሰይጣንን ከሰሃላ ማዶ ነው የሚያዩት፤ እኛ እኮ እቤታችን ገብቶም አናየው" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንተም ፈገግ አልህ። ፈገግታህ ግን ወደ እኔ አልነበረም፤ ከእኔ አለፍ ብሎ ነበር፣ አለች ብለህ ያሰብኸው ቦታ ላይ። ድንኳኑ ከእኛ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ላይ ነበር። አያ ደስታ ገባ፣ ሌሎችም ገቡ። አንተ ደህና ተብለህ ወጣህ።

ሽፋንህን ግን አይተውት ስለነበር ሰቆጣ ጠርተው በቀዶ ጥገና አቀኑልህ። ጠጉሩ መውጋቱን ተወ፣ እንባህ ደረቀ። አገሩ ሁሉ "ቄስ ዳኑ" አለ። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይጠርጥር? ወረንጦዬ ሥራ ፈታች። ዓርብ የሚባል ቀን ከቤታችን ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ለብቻዬ ምስር ስለቅም አንተ ከፊት ለፊቴ ታልፍ ነበር፤ ፊቴን ትፈልግ እንደሆን ብዬ ቀና እላለሁ፣ ትሄዳለህ።

ያሳለፍናቸውን ዓመታት ሁሉ አልጽፍም፣ እጄ ገና ቀርፋፋ ነው። የፍልሰታ ፍቺውን ቀን ግን አልዘለውም። ሥጋውን ስታቀብል የአንዲት እናት ልጅ ራሱን ዘወር አደረገ፣ እጅህ አፉን ሳተው፣ ጉንጩን ነካ። ዲያቆኑ ከሥር በጨርቁ ባይቀበለው ኖሮ መሬት ነበር። ቅዳሴውን ጨርሰህ ወጣህ፣ ልብሰ ተክህኖህን አጥፈህ ለዲያቆኑ ሰጠኸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ አልገባህም። ማንም አላባረረህም። ያን ሁሉ ዓመት የደበቅኸው ለዚያ መቅደስ ነበር፤ መደበቅህ ራሱ አወጣህ።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ሆስፒታል የሄድነው። ሐኪሙ ጠብታውን አድርጎ በብርሃን አየህ፣ ደጋግሞ አየህ። ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ስስ መጋረጃ አለ አለን፤ እዚያ ላይ ተሐዋሲ ገብቶ መካከሉን አቁስሎት ነበር፣ አሁን ጠባሳ ሆኗል፣ ጠባሳ ደግሞ አይነሣም አለ። ትኩስ ሳለ ቢታይ የሚሰጥ መድኃኒት ነበረ፤ ያድን እንደነበር አልምልላችሁም፣ ግን ነበረ አለ። ከዚህ በፊት ታይተው ያውቃሉ ወይ ሲልህ "ሰሌዳ አንብቤያለሁ" አልኸው። እስከ ስንተኛው መስመር ቢልህ "እስከ መጨረሻው" አልህ። ሐኪሙ ከጽሑፉ ቀና ብሎ አንተን አላየም፤ እኔን አየኝ።

ያ አስተያየት ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖረ። እሷ ለምን አልተናገረችም ነበር የሚለው። ክርኔን ማን እንደያዘው እሱ አላየም። ጥፋቱን ለረጅም ጊዜ ተሸክሜልሃለሁ፤ አሁን ፊደል ከቆጠርሁ ወዲህ መልሼልሃለሁ። ያንተ ነው፣ ውሰደው።

ከዚያ እስክትሞት ድረስ ከቅጥሩ ጥድ ሥር ተቀምጠህ ዋልህ። ሰው እየመጣ መስቀልህን ይስማል፣ አንተ በድምፁ ትለየዋለህ። ደረትህን ያመመህ ክረምት እጄን ይዘህ "ዝማም፣ አርጅተሻል?" ብለህ ጠየቅኸኝ። ስለማታውቅ ነው የጠየቅኸኝ። "አላረጀሁም" አልሁህ። ከዚያ ቀን በቀር ዋሽቼህ አላውቅም።

አሁን ደብዳቤውን ለምን እንደጀመርሁት ልንገርህ። ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሐኪሞቹ ተመልሰው መጡ። ያችው ሲስተር አለችበት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽር አድርጋለች። መንደሩን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችው ስላንተ ነው። "ያስተረጉሙልን የነበሩት አባት፣ የመጨረሻውን መስመር ያነበቡት፣ አሉ?" አለችኝ። በየሄደችበት ስታወራህ ኖራለች። እንደሞትህ ነገርኋት። ዝም ልል ነበር። ክርኔን የያዘኝ ግን አልነበረም፣ ሁሉንም ነገርኋት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው፣ "ሌሎቹ እየሰሙ ነበር ለካ" አለች። ወዲያው ሰሌዳውን ከዋርካው ሥር አስነሥታ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ አስገባችው፤ የሚጠብቁት በአጥሩ ወዲያ ተቀመጡ፣ አንድ አንድ ሰው ብቻ እንዲገባ አደረገች። ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ለምን ታስቀምጭናለሽ ብለው አጉረመረሙ። ባንተ ምክንያት እንደሆነ አልተነገራቸውም።

አስተርጓሚ ስትፈልግ እኔ ተነሣሁ። አንተ በቆምህበት ከሲስተር ጎን ቆምሁ። ሰው በኽምጣንጋ ሲናገር እኔ በአማርኛ አቀብላታለሁ። አስተርጓሚው ግን ሁሉንም ይሰማል፤ እሷም ይህን ዘንግታው ነበር፣ እኔም። ወደ ማታ ሲሆን ራሴን ታዘብሁ፣ እኔም ሰሌዳው ሆዴ ገብቷል።

አንድ ያልነገርሁህ ነገር አለ። ከዓምና ጀምሮ ፊደሉ ጭጋግ እየለበሰብኝ ነው። በርቀት ያለው ሰው በወንፊት የሚታይ ይመስላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ደጅ ወጥቼ፣ ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ፊደሉን እንደ ባቄላ አግዝፌ ነው። ለማንም አልተናገርሁም። መምህሩ ካወቀ ተይው ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ነገር ነው፤ ገና አልጠገብሁትም። እንግዲህ ሲስተር "እስቲ አሁን ደግሞ እርስዎ" ስትለኝ፣ ያን ቀን ምን እንደተሰማህ ያኔ ገባኝ። ምላሴ ላይ ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ። ሰሌዳው ተቀይሮ ይሆናል፣ ለእኔ ግን ያንተው ነበር። ማንም አይጠረጥረኝም፤ ብናገር እንደገና ይጨበጨባል፣ እንደገና ደህና ነኝ።

የሚታየኝን የላዩን ሁለት መስመር ተናገርሁና ቆምሁ። "ሌላውን አውቀዋለሁ፣ ግን አይታየኝም" አልኋት። ሲስተር እርሳሷን አስቀመጠች። ክርኔን ይዛ ወደ ድንኳኑ ወሰደችኝ። ያው ክርኔን። እጇ ግን አይጨምቅም ነበር።

ጠብታው ያቃጥላል። ብሌኔ ሲሰፋ ዓለሙ ሁሉ ነጭ ሆነ፣ የሰው መልክ ጠፋኝ፤ ሲስተር ነጠላዬን ስታስተካክልልኝ እጇን እንጅ ፊቷን አላየሁም። ለትንሽ ጊዜ አንተ የኖርህበት ቤት ውስጥ ገባሁ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ዓመታት ለብቻህ ነበርህ። ሐኪሙ ብርሃኑን ይዞ ቀረበ፣ ወደ ላይ እዩ፣ ወደ ታች እዩ አለኝ። ሲጨርስ መጋረጃው ደህና ነው፣ ከፊት ለፊት ያለው ሞራ ነው፣ ይወጣል አለኝ። ከትንሣኤ በኋላ ሰቆጣ እሄዳለሁ። ለምለም ትወስደኛለች፣ ካልመጣችም በእግሬ እሄዳለሁ።

ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ። ድንኳኑ ያኔም ነበር። ብርሃኑም ጠብታውም ነበሩ። ከድንኳኑ ወጥቼ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጥሁ፤ ብሌኔ እስኪጠብ ድረስ መሄድ አልቻልሁም ነበር። ጭኔ ላይ ራሱን የሚያሳርፍ አልነበረም።

የሰባት ዓመት ተዝካርህ እየቀረበ ነው፣ አቅሜ በፈቀደው እደግሳለሁ። ሕዝቡ ይመጣል፣ በልቶ ጠጥቶ የመጨረሻውን መስመር ያነበበውን ቄስ ያነሣል። ያንሣው፣ አልከለክልም። ሐኪሞቹም ተመልሰው በመጡ ቁጥር አስተረጉማለሁ፤ የሚያፍር ሰው ሲገባ ባሌ እኮ ብዬ ያንተን እነግረዋለሁ። ብትቀየመኝም እነግረዋለሁ። እኔ ግን የማስታውሰው ሌላ ሰው ነው፤ ዓርብ ከሰዓት፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አሳርፎ ፊቴን የፈለገውንና ያጣውን። ሞራው ሲወጣልኝ መስተዋት ተበድሬ ያን ፊት አየዋለሁ። ምን እንደሚመስል በሌላ ደብዳቤ ሳይሆን መቃብርህ ድረስ መጥቼ በአፌ እነግርሃለሁ። አርጅቻለሁ ምስጋናው። ያኔ ዋሽቼህ ነው።

ሚስትህ ዝማም